ዶክኤክስ ፋይል አሮጌ ኮምፒውተር ላይ አልከፈት ላላችሁ፦ በነፃ ወደ ዶክ መቀየሪያ ዝርዝር መመሪያ

ይሄን የምጽፈው እዚህ ደብረ ማርቆስ በምሠራበት የጽሑፍና የፎቶ ኮፒ ቤት በየሳምንቱ አንድ ሰው ፍላሹን ይዞ «እዛ ኮምፒውተር ላይ አልከፈት አለኝ» ብሎ ስለሚመለስ ነው። ከሉማሜ፣ ከአማኑኤል፣ ከደጀን ድረስ ለአንድ ፋይል ደርሶ መልስ ከፍሎ የሚመጣ አለ። የሚያጋጥመው ስህተት ደግሞ ሁሌም ያው ነው፣ ስለዚህ ከታች ያለውን በቅደም ተከተል ሥሩት፣ አትዝለሉ።

ወርድ ከ2007 ጀምሮ ዝም ብላችሁ ሴቭ ስትሉት የሚያስቀምጠው በዶክኤክስ ነው፣ ከፋይሉ ስም ቀጥሎ ነጥብ፣ ከዛ ዲ ኦ ሲ ኤክስ። ወርድ 2003 እና ከሱ በፊት ያሉት የሚያውቁት ዶክን ነው፣ ኤክስ የሌለውን። የወረቀት ማባዣ ማሽኑ አጠገብ የተቀመጠው ኮምፒውተር ዊንዶውስ ኤክስፒና ኦፊስ 2003 ከሆነ ይዛችሁ የሄዳችሁት ዶክኤክስ አይከፈትም፣ እዛ ደርሶ መጨቃጨቅ ትርፉ ድካም ነው።

ስሙን መቀየር ፋይሉን መቀየር አይደለም

ባለፈው ሰኔ አንድ መምህር የሞዴል ፈተና ይዞ መጣ። አንድ ሰው «ኤክሷን ብቻ አጥፋት፣ ይሆናል» ብሎት ፋይሉን ሪኔም አድርጎ ኤክሷን አጥፍቷል። እኔ ጋ ስንከፍተው ቁልጭ ብሎ ተከፈተ። ትምህርት ቤቱ ሄዶ ሲከፍተው ግን ከላይ ፒ እና ኬ የሚሉ ሁለት የእንግሊዝኛ ፊደሎች፣ ከዛ ገጽ ሙሉ ሳጥንና ምልክት። በነጋታው ጠዋት ተመልሶ በር ላይ ሳገኘው ልቤ ተሰበረ፣ ምክንያቱም ፈተናው የዛኑ ቀን ከሰዓት ነበር።

ምንድነው የሆነው፦ ዶክኤክስ ውስጡ ዚፕ ነው፣ ብዙ ትንንሽ ፋይሎች ተጨምቀው የተቀመጡበት። ዶክ ግን አሠራሩ ጨርሶ ሌላ ነው። ስሙን ስትቀይሩት ውስጡ ያው ዚፑ ነው። አዲሱ ወርድ ብዙ ጊዜ ውስጡን አይቶ ስለሚከፍትላችሁ «ተሳካ» ትላላችሁ፣ አሮጌው ግን ዚፑን እንደ ጽሑፍ ሊያነበው ይሞክርና ያን ዝብርቅርቅ ያወጣዋል። ፒ እና ኬ የዚፕ ፋይል መጀመሪያ ምልክት ናቸው፣ እነሱን ካያችሁ ፋይሉ አልተቀየረም ማለት ነው፣ አለቀ።

ደረጃ 1፦ ችግሩ የቱ እንደሆነ ለዩ

ሰው ሁሉ «አልከፈት አለ» ይላል፣ ግን ሦስት የተለያየ ችግር ነው፣ መፍትሔውም ይለያያል። እዛ ኮምፒውተር ላይ ምን እንዳያችሁ አስታውሱ፣ ወይ በስልክ ፎቶ አንሱት።

ጨርሶ ካልተከፈተ ወይም ፒ ኬ ብሎ ከጀመረ የፎርማት ችግር ነው። ከደረጃ 2 ጀምራችሁ ቀጥሉ።

ተከፍቶ እንግሊዝኛው ደህና ሆኖ አማርኛው ባዶ ሳጥን ሳጥን ከሆነ ፎርማቱ ምንም አልሆነም፣ እዛ ኮምፒውተር ላይ የአማርኛ ዩኒኮድ ፎንት የለም ማለት ነው (ዩኒኮድ ማለት ለሁሉም ኮምፒውተር የጋራ የሆነ የፊደል አሠራር ነው)። መቶ ጊዜ ብትቀይሩት ለውጥ የለውም። በቀጥታ ደረጃ 5 ሂዱ።

ተከፍቶ አማርኛው የእንግሊዝኛ ፊደልና ምልክት ተቀላቅሎበት ከመጣ ጽሑፉ የተጻፈው ዩኒኮድ ባልሆነ የድሮ ፎንት ነው፣ እንደ ቪጂ2 ሜይን ወይም ግዕዝ-1 ባለ። እሱም ደረጃ 5 ላይ አለ።

እኔ ካየሁት ግማሹ ሰው የፎንት ችግር ይዞ ፎርማት ሲቀይር ነው የሚውለው።

አንድ ሌላ ጥያቄ ደግሞ አስቀድማችሁ ጠይቁ፦ ፋይሉን እዛ የምትወስዱት ለማተም ብቻ ነው ወይስ ሌላ ሰው ሊያስተካክለው? ለማተም ብቻ ከሆነ ዶክ አትልፉበት፣ ፒዲኤፍ አድርጉት። ፒዲኤፍ ፎንቱን አብሮ ይዞ ስለሚሄድ አማርኛው አይበላሽም፣ ገጹም አይንሸራተትም። እዛ ያለው ኮምፒውተር ፒዲኤፍ መክፈቻ እንዳለው ብቻ ደውላችሁ አረጋግጡ። የሚያርሙበት ከሆነ ግን ቀጥሉ።

ደረጃ 2፦ ዝግጅት

ይሄን ደረጃ ሰው ይንቀዋል፣ በኋላ የሚያስለቅሰው ግን ይሄ ነው።

1. የፋይሉ ኤክስቴንሽን፣ ማለትም ከስሙ ቀጥሎ ከነጥቡ በኋላ ያለው፣ እንዲታይ አድርጉ። ዊንዶውስ 10 ላይ ማንኛውንም ፎልደር ክፈቱና ከላይ «ቪው» የሚለው ውስጥ «ፋይል ኔም ኤክስቴንሽንስ» ላይ ምልክት አድርጉ። ዊንዶውስ 7 እና ኤክስፒ ላይ «ፎልደር ኦፕሽንስ» ገብታችሁ «ቪው» ውስጥ «ሃይድ ኤክስቴንሽንስ» ብሎ የሚጀምረውን ምልክት አንሱ። ይሄ ካልታያችሁ ዶክና ዶክኤክስን በዓይን መለየት ያስቸግራል።

2. ኮፒ አድርጉ። ዋናውን ዶክኤክስ አትንኩት፣ ኮፒውን ሌላ ፎልደር ውስጥ አስቀምጡና እሱ ላይ ሥሩ። ወደ ዶክ ሲሄድ የሚቀሩ ነገሮች አሉ፣ ዋናው ከሌላችሁ መመለሻ የለም።

3. ለኮፒው አጭር ስም በእንግሊዝኛ ፊደል ስጡት። ስሙ በአማርኛ ከሆነ ፎንት የሌለው ኤክስፒ ላይ እሱም ሳጥን ይሆንና የትኛው ፋይል እንደሆነ ማወቅ ያቅታችኋል።

4. ፓስወርድ ካለው አንሱለት። ትራክ ቼንጅ (እርማት መመዝገቢያው) በርቶ የታረመ ከሆነ «ሪቪው» ውስጥ ገብታችሁ ሁሉንም «አክሴፕት» በሉ፣ ኮሜንቶቹንም አጥፉ። አለበለዚያ የተሰረዘው ሁሉ ቀይ ሆኖ ሊታተም ይችላል፣ አንድ የማውቀው ሰው ማመልከቻው ላይ እንዲህ ሆኖበት እንደገና አሳትሟል።

5. የፎንቱን ስም በወረቀት ጻፉት። ኮንትሮል ኤ ብላችሁ ሁሉንም ምረጡና ከላይ የፎንት ሳጥኑን እዩ። ባዶ ከሆነ ከአንድ በላይ ፎንት አለ ማለት ነው፣ አርእስቱን፣ አንቀጹንና ሠንጠረዡን ለየብቻ ክሊክ እያደረጋችሁ እዩ።

6. ፍላሹን እዩ። ራይት ክሊክ አድርጋችሁ «ፕሮፐርቲስ» ስትሉ ፋይል ሲስተሙ ፋት32 ቢሆን ጥሩ ነው። ኤክስፋት ከሆነ ተጨማሪ አፕዴት ያልተጫነበት ኤክስፒ አያነበውም፣ ሰው ደግሞ «ፍላሹ ተበላሸ» ይላል። ፎርማት የምታደርጉት ውስጡ ያለውን ሁሉ ሌላ ቦታ ካስቀመጣችሁ በኋላ ነው፣ ፎርማት ሁሉን ያጠፋል።

ለፈተና አዘጋጆች ለብቻ የምናገረው አለኝ። ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ የሚሉትን ምርጫዎች በስፔስ ብዛት እየገፋችሁ የደረደራችሁ ከሆነ አሮጌው ወርድ ላይ መዛነፋቸው አይቀርም፣ በታብ ወይም መስመር በሌለው ሠንጠረዥ አድርጓቸው። አዲስ ገጽ ለመጀመርም ኢንተር ኢንተር ኢንተር እያላችሁ አትውረዱ፣ ኮንትሮል ይዛችሁ ኢንተር አንዴ ብቻ። ይሄን ሁለቱን ካስተካከላችሁ ጥያቄ 20 አንድ ገጽ፣ ምርጫው ሌላ ገጽ የሚሆንበት ጣጣ በአብዛኛው ይቀራል።

ደረጃ 3፦ መቀየር

አራት መንገድ አለ። ከላይ ጀምራችሁ እናንተ ጋ ያለውን ውሰዱ፣ አንዱ ከሠራ ሌላውን አትሞክሩ።

መንገድ ሀ፦ ኮምፒውተሩ ላይ ወርድ ካለ

ምንም ማውረድ አያስፈልግም። አብዛኛው ሰው ይሄ ራሱ ወርድ ውስጥ እንዳለ አያውቅም፣ ኢንተርኔት ላይ ኮንቨርተር ፍለጋ ይሄዳል።

1. ኮፒውን በወርድ ክፈቱ።
2. ኤፍ 12 ተጫኑ። ላፕቶፕ ላይ እምቢ ካለ ኤፍ ኤን የሚለውን ይዛችሁ ኤፍ 12። «ሴቭ አዝ» ይመጣል።
3. ከስሙ ሥር «ሴቭ አዝ ታይፕ» የሚለውን ክፈቱና «ወርድ 97-2003 ዶክመንት» የሚለውን ምረጡ። ከሱ ጋር የሚመሳሰል «ወርድ 97-2003 ቴምፕሌት» አለ፣ እሱን አይደለም። ስማቸው ውስጥ ኤክስኤምኤል የሚል ያለባቸውንም አይደለም።
4. «ሴቭ» በሉ። «ኮምፓቲቢሊቲ ቼከር» የሚል ሳጥን ሊመጣ ይችላል። ቸኩላችሁ «ኮንቲኒው» አትበሉ፣ አንብቡት። ምን እንደሚቀር የሚነግራችሁ እሱ ነው። ስማርትአርት ካለ ወደ ምስል ይቀየራል፣ የሒሳብ ቀመር በአዲሱ ኢኩዌሽን የተጻፈ ከሆነ እሱም ምስል ይሆናል፣ ይታተማል ግን እዛ አይታረምም። የሒሳብና የፊዚክስ መምህራን ቀመራችሁን እዚህ ጨርሱት።
5. ከላይ የፋይሉ ስም አጠገብ «ኮምፓቲቢሊቲ ሞድ» የሚል ከመጣ ተቀይሯል።

ካልሆነስ? «ሴቭ አዝ» ደብዝዞ አልጫን ካለ ወርዱ አክቲቬት አልተደረገም፣ ማንበብ እንጂ ማስቀመጥ አይፈቅድም። ክራክ ፍለጋ አትሂዱ፣ ቫይረሱ የሚመጣው በሱ ነው፣ መንገድ ለ ሂዱ። ሌላ ደግሞ ዶክ ካደረጋችሁት በኋላ «ፋይል» ውስጥ «ኢንፎ» ላይ «ኮንቨርት» የሚል ቁልፍ ታያላችሁ፣ እንዳትነኩት፣ ወደ ዶክኤክስ መልሶ ነው የሚወስዳችሁ።

መንገድ ለ፦ ሊብሬኦፊስ

ወርድ ለሌለው የምመክረው ይሄን ነው። በነፃ ነው፣ ጊዜው አያልቅበትም፣ አንዴ ከተጫነ ኢንተርኔት አይፈልግም። መጫኛው ፋይል ከ300 ሜጋ በላይ ስለሆነ ዋይፋይ ያለበት ቦታ፣ ባሕር ዳርም ሆነ ማርቆስ ስትመጡ አውርዳችሁ በፍላሽ ያዙት። ዳታ በሚጠፋበት ጊዜ ፍላሽ ላይ ያለ መጫኛ ወርቅ ነው፣ ለጎረቤትም ብታካፍሉት ክልክል አይደለም።

1. ከሊብሬኦፊስ ከራሱ ድረ ገጽ ብቻ አውርዱ። ሌላ ቦታ ትልልቅ «ዳውንሎድ» የሚሉ አረንጓዴ ቁልፎች አሉ፣ ማስታወቂያ ናቸው።
2. ከማውረዳችሁ በፊት ኮምፒውተሩ 32 ቢት ይሁን 64 ቢት እዩ። «ማይ ኮምፒውተር» ላይ ራይት ክሊክ፣ «ፕሮፐርቲስ»፣ «ሲስተም ታይፕ» የሚለው ላይ ተጽፏል። 64 ቢቱን አውርዶ 32 ላይ ለመጫን መታገል የተለመደ ነው።
3. ዳብል ክሊክ፣ «ኔክስት»፣ «ቲፒካል»፣ «ኢንስቶል»። መብራት የሚቆራረጥበት ሰዓት ከሆነ ላፕቶፑ ቻርጅ መያዙን እዩ፣ መሀል ላይ ከጠፋ ያንኑ መጫኛ እንደገና አስነሱት።
4. ሊብሬኦፊስ ራይተርን ክፈቱና «ፋይል»፣ «ኦፕን» ብላችሁ ኮፒውን አምጡ።
5. መቀየር ከመጀመራችሁ በፊት አማርኛው ላይ ክሊክ አድርጋችሁ የፎንት ሳጥኑን እዩ። የፎንቱ ስም ዘመም ብሎ ከተጻፈ ያ ፎንት እዚህ ኮምፒውተር ላይ የለም ማለት ነው፣ የምታዩት በሌላ ፎንት ተተክቶ ነው። አትደናገጡ፣ ዶክ ሲሆን የፎንቱ ስም አብሮ ይቀመጣል። ግን ገጹ እዚህ ያያችሁት ቦታ ላይ ላይቆረጥ ይችላል።
6. ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኤስን አንድ ላይ ተጫኑ። «ሴቭ አዝ ታይፕ» ውስጥ «ወርድ 97-2003» የሚለውን ምረጡ። ከፍ ብሎ «ወርድ 2007» ብሎ የሚጀምር አለ፣ እሱ ያው ዶክኤክስ ነው።
7. «አውቶማቲክ ፋይል ኔም ኤክስቴንሽን» የሚል ሳጥን ካለ ምልክት ይኑርበት፣ ከሌለበት ፋይሉ ኤክስቴንሽን ሳይኖረው ሊቀመጥ ይችላል።
8. «ሴቭ» ስትሉ ሁለት ምርጫ ይመጣል፣ አንዱ ኦዲኤፍ (የሊብሬኦፊስ የራሱ ፎርማት) ተጠቀም ይላል፣ ሌላው ወርድ 97-2003 ተጠቀም። ኦዲኤፉን አትጫኑት፣ ወርዱን በሉ።
9. ዝጉትና ያን አዲሱን ዶክ መልሳችሁ ክፈቱ። ሴቭ ከማድረጋችሁ በፊት ያያችሁት ስክሪን ማስረጃ አይሆንም፣ ማስረጃው ተዘግቶ የተከፈተው ነው።

ብዙ ፋይል ያላችሁ ሰዎች «ዊዛርድስ» ውስጥ «ዶክመንት ኮንቨርተር» አይታችሁ ደስ ይላችኋል፣ ግን እሱ የሚቀይረው ከማይክሮሶፍት ወደ ሊብሬኦፊስ የራሱ ፎርማት ነው፣ ለዚህ ሥራ አይሆንም። አንድ በአንድ ሥሩት።

የኤክስፒ ኮምፒውተሩ የራሳችሁ ከሆነ ወይም ባለቤቱ ከፈቀደ ሌላ መላ አለ። ሊብሬኦፊስ 5.4 ኤክስፒ ላይ ይጫናል፣ ለኤክስፒ የመጨረሻው እሱ ነው፣ ከ6.0 ጀምሮ ቢያንስ ዊንዶውስ 7 ሰርቪስ ፓክ 1 ይፈልግ ነበር፣ ከ25.8 ወዲህ ደግሞ ዊንዶውስ 10 ይፈልጋል። የሊብሬኦፊስ የድሮ ማውረጃዎች ማኅደር ውስጥ አለ። እሱን አንዴ ከጫናችሁ ዶክኤክስን እዛው በቀጥታ ይከፍታል፣ ከእንግዲህ መቀየር የሚባል ነገር የለም። ድሮ ማይክሮሶፍት ለኦፊስ 2003 የሚሰጠው «ኮምፓቲቢሊቲ ፓክ» ነበር፣ እሱን ግን በ2018 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር አቋርጦታል። አሁን «አለን» የሚሉ የማይታወቁ ድረ ገጾች ላይ አግኝታችሁ አትጫኑት።

መንገድ ሐ፦ ስልክ ብቻ ላለው

ደብሊውፒኤስ ኦፊስ የሚባለው አፕ ነፃው ይበቃል። ፋይሉን በቴሌግራም የላኩላችሁ ከሆነ መጀመሪያ ስልኩ ላይ አውርዱት፣ ከዛ በደብሊውፒኤስ ክፈቱ። ከመሣሪያዎቹ «ፋይል» ውስጥ «ሴቭ አዝ» በሉና ከስሙ አጠገብ ያለውን የፎርማት ዓይነት ተጭናችሁ ዶክኤክሱን ወደ ዶክ ቀይሩት። እዚህም ስሙን እያስተካከላችሁ በእጃችሁ ኤክሷን ማጥፋት አይደለም፣ ከዝርዝሩ መምረጥ ነው። ማስታወቂያው ብዙ ነው፣ ታገሱት። «ፕሪሚየም ግዛ» ካለ በኤክስ ዝጉት፣ ለዚህ ሥራ ክፍያ አያስፈልግም።

ከዛ ለራሳችሁ ቴሌግራም «ሴቭድ ሜሴጅስ» ላይ እንደ ፋይል ላኩትና ካፌ ኮምፒውተር ላይ አውርዱት። ካፌ ላይ ቴሌግራም ከከፈታችሁ ሎግ አውት ሳትሉ እንዳትነሱ። ረጅም ሠንጠረዥ ያለበትን ነገር በስልክ አትቀይሩ እላለሁ፣ በትንሽ ስክሪን ምን እንደተበላሸ አይታይም።

መንገድ መ፦ ኔት የለም፣ ወርድ የለም፣ ጊዜ የለም

ዊንዶውስ 7፣ 8 ወይም 10 ካለ ወርድፓድ አብሮት አለ። ወርድፓድ ዶክኤክስ ይከፍታል ግን በዶክ አያስቀምጥም። በአርቲኤፍ ያስቀምጣል፣ አርቲኤፍን ደግሞ ወርድ 2003 ያነበዋል። «ፋይል»፣ «ሴቭ አዝ»፣ «ሪች ቴክስት»። እዛ ደርሶ ከተከፈተ በኋላ በዶክ ሴቭ ማድረግ ይቻላል። የራስጌና የግርጌ ጽሑፍ፣ የገጽ ቁጥርና አንዳንድ ምስል ሊቀር ይችላል፣ ስለዚህ ለደብዳቤና ለማመልከቻ እንጂ ለመመረቂያ ጽሑፍ አይደለም። አዲሱ ዊንዶውስ 11 ላይ ደግሞ ወርድፓድ ወጥቷል፣ ብትፈልጉት አታገኙትም።

ጎግል ዶክስስ የምትሉ፦ ጎግል ዶክስ «ዳውንሎድ» ውስጥ ዶክኤክስ፣ ፒዲኤፍ፣ አርቲኤፍና ሌሎችም ይሰጣል፣ ዶክ ግን የለበትም። አርቲኤፉን ውሰዱ። የማይክሮሶፍት የኢንተርኔቱ ነፃ ወርድም በዶክ አያወርድም።

ስለ ኦንላይን ኮንቨርተር

ይሠራሉ፣ አልክድም። ግን ፋይላችሁን የማታውቁት ሰው ኮምፒውተር ላይ ነው የምትጭኑት። ፈተና፣ የደመወዝ ዝርዝር፣ የፍርድ ቤት ማመልከቻ፣ የሕክምና ማስረጃ፣ የመታወቂያ ኮፒ ያለበት ነገር በጭራሽ እንዳታስገቡ። የሠርግ ጥሪ ከሆነ ችግር የለውም።

ደረጃ 4፦ መቀየሩን አረጋግጡ

ኤክስቴንሽኑን ማየት አይበቃም፣ ስሙ በእጅ ቢቀየርም ያው ዶክ ነው የሚለው። ፋይሉን ራይት ክሊክ አድርጋችሁ «ኦፕን ዊዝ» በሉና በኖትፓድ ክፈቱት። የሚነበብ ነገር አታገኙም፣ የሚፈለገው የመጀመሪያዎቹ ሁለት ፊደሎች ብቻ ናቸው። ፒ ኬ ከሆነ አሁንም ዶክኤክስ ነው፣ ወደ ደረጃ 3 ተመለሱ። ሌላ እንግዳ ምልክት ከሆነ ተቀይሯል። ኖትፓዱን ስትዘጉ «ሴቭ ላድርግ?» ካለ «ኖ» በሉ፣ የስ ካላችሁት ፋይሉ ይበላሻል። «ኦፕን ዊዝ» ላይ ደግሞ «ሁልጊዜ በዚህ ክፈት» የሚለው ላይ ምልክት እንዳይኖር።

የፋይሉ መጠን ቢጨምር አትጨነቁ፣ ዶክኤክስ የተጨመቀ ስለሆነ ነው ያነሰው።

ከዛ ገጽ በገጽ እዩት። የገጽ ብዛቱን፣ ሠንጠረዥ ከወረቀቱ ወጥቶ እንደሆነ፣ ማኅተምና ሎጎ ቦታው ላይ እንዳለ፣ ወረቀቱም ኤ4 መሆኑን። ምስል ከተንሸራተተ ምስሉ ላይ ራይት ክሊክ አድርጋችሁ «ኢን ላይን ዊዝ ቴክስት» አድርጉት፣ ከጽሑፉ ጋር አብሮ ይቀመጣል። የእንግሊዝኛው ፎንት ካሊብሪ ከሆነ ታይምስ ኒው ሮማን አድርጉት፣ ካሊብሪ ከኤክስፒ ጋር አብሮ የመጣ ፎንት አይደለም፣ እዛ ሲተካ መስመሩ ይቀየርና ገጹ ይገፋል።

ደረጃ 5፦ አማርኛውን አድኑ

እዚህ ጋ ቀስ በሉ፣ ከሁሉም የሚበልጠው ይሄ ነው።

ኒያላ የሚባለው ፎንት የመጣው ከዊንዶውስ ቪስታ ጋር ነው። ኤክስፒ ሲጫን አብሮት የሚመጣ የግዕዝ ፊደል የለውም። ስለዚህ በኒያላ የጻፋችሁት ኤክስፒ ላይ ሳጥን ቢሆን አይገርምም።

ጽሑፋችሁ ዩኒኮድ ከሆነ፣ ማለትም ኒያላ፣ ኢብሪማ፣ ፓወር ግዕዝ ዩኒኮድ ወይም በስልክ ኪቦርድ የተጻፈ ከሆነ፦

1. አቢሲኒካ ኤስአይኤል የሚባለውን ፎንት አውርዱ። ነፃ ነው፣ ለሰው መስጠትም ይፈቀዳል።
2. ዚፑን ፈታችሁ ቲቲኤፍ የሚለውን ፋይል ብቻ ፍላሹ ላይ ከዶክ ፋይሉ ጎን አስቀምጡት። ዚፑን እንዳለ አትውሰዱት፣ እዛ መፍቻ ላይኖር ይችላል።
3. የዶክ ፋይሉን አማርኛ ክፍል መርጣችሁ ፎንቱን አቢሲኒካ አድርጉት፣ ሴቭ በሉ። ገጹ ትንሽ ሊገፋ ስለሚችል እንደገና እዩት።
4. እዛ ስትደርሱ ፋይሉን ከመክፈታችሁ በፊት ፎንቱን ጫኑ። ኤክስፒ ላይ «ኮንትሮል ፓነል»፣ «ፎንትስ» ገብታችሁ ቲቲኤፉን ኮፒ ፔስት ማድረግ ይበቃል። ዊንዶውስ 7 ላይ ራይት ክሊክ፣ «ኢንስቶል»።
5. ወርድ ተከፍቶ ከነበረ ዝጉትና እንደገና ክፈቱት፣ አዲሱን ፎንት የሚያየው ያኔ ነው።

ፎንት ለመጫን አይፈቀድም የሚል መልእክት ከመጣ የአድሚን ፓስወርድ ያለውን ሰው ጥሩ። እሱ ከሌለ እንግዲህ ፒዲኤፍ ነው፣ ለዚህ ነው ሁልጊዜ ፒዲኤፉንም አብራችሁ ያዙ የምለው።

ጽሑፉ ዩኒኮድ ካልሆነ ነገሩ ሌላ ነው። በቪጂ2 ሜይን ወይም በግዕዝ-1 የተጻፈውን መርጣችሁ ፎንቱን አቢሲኒካ ብታደርጉት ወዲያው የእንግሊዝኛ ፊደል ዝብርቅርቅ ይሆናል። ያደረገ ካለ ኮንትሮል ዜድ ይበል፣ ሴቭ እንዳይል። ይሄኛው የሚፈልገው ያንኑ ፎንት እዛም ላይ መኖሩን ነው። ደረጃ 2 ላይ የጻፋችሁትን የፎንት ስም ይዛችሁ ደውሉና «ይሄ ፎንት እናንተ ጋ አለ ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ። ብዙ የቆየ ጽሕፈት ቤት ኮምፒውተር ላይ አለ፣ እንዲያውም ከአዲሱ ይልቅ አሮጌው ላይ ነው የሚገኘው። እንዲህ ያለውን ጽሑፍ ከቻላችሁ በወርድ ራሱ ቀይሩት፣ በስልክ አይሁን።

ደረጃ 6፦ ፍላሽ ላይ ማስቀመጥና እዛ መክፈት

ፍላሹ ላይ አራት ነገር ይኑር፦ ዋናው ዶክኤክስ፣ የተቀየረው ዶክ፣ ፒዲኤፍና የፎንቱ ፋይል። አንድ ኮፒ ደግሞ ቴሌግራም ላይ ለራሳችሁ ላኩ፣ ፍላሽ ይጠፋል።

ስትነቅሉ «ሴፍሊ ሪሙቭ» በሉ። ዝም ብሎ መንቀል ፋይሉን ዜሮ ኪሎ ባይት ሊያደርገው ይችላል፣ ስሙ አለ ውስጡ የለም። ከመነሳታችሁ በፊት አንዴ ነቅላችሁ መልሳችሁ ሰክታችሁ ከፍላሹ ላይ ክፈቱት።

እዛ ደርሳችሁ ፍላሹ ውስጥ ፋይሎቻችሁ ሁሉ ሾርትከት ሆነው ከመጡ የሾርትከት ቫይረስ ነው፣ ፋይሉ አልጠፋም፣ ተደብቋል። ሾርትከቱን ክሊክ አታድርጉ። «ፎልደር ኦፕሽንስ» ውስጥ የተደበቁትን አሳይ በሉት፣ «ፕሮቴክትድ ኦፐሬቲንግ ሲስተም» ያለውንም ምልክት አንሱ፣ ፋይሎቹ ደብዘዝ ብለው ይታያሉ፣ ዶክዋን ወደ ዴስክቶፕ ኮፒ አድርጉና ከዛ ክፈቱ። ቤት ስትመለሱ ፍላሹን በአንቲቫይረስ ሳታስፈትሹ የራሳችሁ ኮምፒውተር ላይ እንዳትሰኩት።

ሁልጊዜ ለዛው ኮምፒውተር የምትጽፉ ከሆነ

እንደ እኔ በየቀኑ ለአሮጌ ኮምፒውተር የሚጽፍ ሰው በየፋይሉ መቀየር የለበትም። ወርድ ላይ «ፋይል»፣ «ኦፕሽንስ»፣ «ሴቭ» ግቡና «ሴቭ ፋይልስ ኢን ዚስ ፎርማት» የሚለውን «ወርድ 97-2003 ዶክመንት» አድርጉት። ሊብሬኦፊስ ላይ «ቱልስ»፣ «ኦፕሽንስ»፣ «ሎድ ሴቭ»፣ «ጀነራል» ገብታችሁ «ኦልዌይስ ሴቭ አዝ» የሚለውን ወርድ 97-2003 አድርጉ። ከዛ በኋላ አዲስ የምትጀምሩት ሁሉ በዶክ ይቀመጣል፣ በፊት በዶክኤክስ የተቀመጡት ግን ራሳቸው አይቀየሩም፣ እነሱን ከደረጃ 2 ጀምራችሁ አንድ በአንድ ነው።